ሜዳው ትልቅ ነበር፤ መንገዱስ? (የራግቢ ሊግ ዋንጫ ጨዋታዎች የሜዳ መረጣና የተመልካች አሰባሰብ)

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በይቅርታ ነው። ባለፈው ዓመት ፍሬሽ ሳለሁ በዚሁ ቡለቲን የመጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት አጭር የስፖርት ዜና ጽፌ ነበር። ከእናንተ ውስጥ የሚያስታውሳት መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እኔን ግን እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች። የዲፓርትመንቶች ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ከግቢያችን አቧራማ ሜዳ ተነስቶ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ወደሚገኝ፣ ሣርም ወንበርም ወዳለው ትልቅ ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ግቢ ውስጥ ሲደረግ ሰው አጥር ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ወላ የውሃ ሮቶው ላይ ተሰቅሎ ነው ያየው። ለፍጻሜው የመጣው ተማሪ ግን ከወንበሩ አንዱን ጥግ እንኳ አልሞላም። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁና «የተማሪው የስፖርት ፍቅር እየቀዘቀዘ መምጣቱ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ታይቷል! ለማን እንደታየ እንጃ።

ዜናዋ በወጣች ማግሥት አንድ የአራተኛ ዓመት ልጅ ላውንጅ ውስጥ አስቁሞኝ «አንተ፣ ሰው ለምን እንዳልመጣ ማንን ጠየቅክ?» አለኝ። ማንንም አልጠየቅኩም። «ጨዋታው ስንት ሰዓት አለቀ?» አስራ አንድ ተኩል። «ካፌ ስንት ሰዓት ይዘጋል?» አስራ ሁለት ተኩል። «ከዚያ ሜዳ እስከ ግቢ ስንት ታክሲ ነው? ሰልፉስ?» ዝም አልኩ። ሁለት ታክሲ ነው፤ ሰልፉ ደግሞ በዚያ ሰዓት የታወቀ ነው። ፍጻሜውን ያየ የካፌ ተመጋቢ እራቱን ያጣል ማለት ነው። የኔ ዜና ግን ስለ ፍቅር መቀዝቀዝ ታወራለች።

ዘንድሮ የስፖርት ዘገባ ኮርስ ስንጀምር መምህራችን እያንዳንዳችን የማናውቀውን አንድ ስፖርት በዕጣ እንድናወጣ አደረጉ። «ማን አሸነፈ ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። ውድድሩ የት እንደሚደረግ ማን ይመርጣል? ሰውስ እንዴት ይመጣል? እሱን አጥንታችሁ አቅርቡ» አሉን። ለኔ የደረሰኝ ራግቢ ሊግ ነው። ራግቢ ሲባል እንቁላል የመሰለ ኳስ ታቅፎ ከመሮጥ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ዕጣው ግን እኔኑ ፈልጎ የወጣ መሰለኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ስፖርት ትልቁ ዋንጫ፣ ቻሌንጅ ካፕ የሚሉት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቁበት የኖሩት ያችኑ የላውንጅ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ለመሆኑ ጨዋታው የማን ነው?

የሜዳውን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ ሰዉን ማወቅ ያስፈልጋል። ራግቢ ሊግና ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን በጨረፍታ ያየነው ራግቢ ዩኒየን አንድ አይደሉም። ዩኒየን 15 ለ15 ነው፤ ሊግ 13 ለ13። የተለያዩት በ1895 ሲሆን ምክንያቱም የጨዋታ ሕግ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው። የሰሜን እንግሊዝ ተጫዋቾች የማዕድን ቆፋሪዎች፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የወደብ ሠራተኞች ነበሩ። ለመጫወት ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቻቸው ያንን ኪሣራ ልንተካላቸው ይገባል ሲሉ የራግቢው አስተዳደር አይሆንም አለ፤ የሰሜን ክለቦችም ሀደርስፊልድ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በኋላ የጨዋታውንም ሕግ እየቀየሩ ሄዱና ዛሬ የምናየው ስፖርት ሆነ።

እንግዲህ ይህ ስፖርት እስከ ዛሬ ከተወለደበት መቀነት ብዙ አልራቀም። ከሊቨርፑል አካባቢ ተነስቶ በዊጋን፣ በሴንት ሄለንስ፣ በሀደርስፊልድ፣ በሊድስ አድርጎ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ሀል የሚደርስ መስመር ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ሦስት ሰዓት አይሞላም። በአውስትራሊያ ትልቅ ስፖርት ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይም ይጫወቱታል። የእንግሊዙ ዋና ቤት ግን ያ መስመር ነው። የመጀመሪያው የቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ በ1897 የተደረገው እዚያው ሊድስ፣ ሄዲንግሊ ሜዳ ላይ ነው፤ ባትሊ ሴንት ሄለንስን 10 ለ3 አሸነፈ፣ 13,492 ሰው ተመለከተ።

ለንደን ድረስ ምን ወሰዳቸው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። በ1929 ፍጻሜውን ከሰሜን ነቅለው ለንደን፣ ዌምብሌ ስታዲየም ወሰዱት። ዌምብሌን መቼም በእግር ኳሱ የማያውቀው የለም። ከዊጋን ወይም ከሀል ዌምብሌ ለመድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ የተመልካቹ ኪስ የፋብሪካ ሠራተኛ ኪስ ነው። የላውንጁ ልጅ ቢሆን ኖሮ «እራት ያመልጣቸዋል» ብሎ ይቃወም ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ዊጋን ዱስበሪን 13 ለ2 ሲያሸንፍ የመጣው 41,500 ሰው ነው። ለክለብ ሜዳ ብዙ ነው፤ ዌምብሌ ግን ያኔ የዚያን እጥፍ ያህል ይይዝ ስለነበር ጎዶሎ ነበር። አዘጋጆቹ ግን አልሸሹም። በ1932 ስታዲየሙ ባለመገኘቱና በጦርነቱ ዓመታት ወደ ሰሜን ከመመለሳቸው በቀር በየዓመቱ እዚያው ቦታ፣ በአንድ ወቅት፣ በጸደይ ቅዳሜ ቀን ጠሩት። ሰዉም ቀስ በቀስ ለመደው። በ1948 ዊጋንና ብራድፎርድ ሲጋጠሙ 91,465 ሰው ገባ። ከ1929 እስከ 1948 ስትቆጥሩት 19 ዓመት ነው! አንድ ዓመት ሞክሮ «ሰው አልመጣም፣ ፍቅር ቀዝቅዟል» ያለ የለም ማለት ነው።

ያን ያህል መንገድ የሚሄደው ሰው ወጪውን እንዴት ቻለው ለሚለው መልሱ ለኛ አዲስ አይደለም፤ እቁብ በሉት። በየመጠጥ ቤቱና በየሥራ ቦታው ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ሳንቲም የሚያጠራቅሙ የዌምብሌ ማኅበሮች ነበሩ። ቀኑ ስለማይቀየር የሚጠራቀመው ገንዘብ ቀን አለው፤ ቦታው ስለማይቀየር ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ ማደሪያውም አስቀድሞ ይያዛል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ለፍጻሜ የሚደርሰው ክለብ ማን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ ነው የሚቆጥቡት። ክለባቸው ቢወድቅም ይሄዳሉ። ጉዞው ራሱ በዓል ሆኗላ! ለአንድ የማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ዋና ከተማውን የሚያይበት የዓመቱ አንድ ቀን ነው።

ሁለት ምሳሌ ብቻ ልጨምር። በ1980 የሀል ከተማ ሁለት ክለቦች፣ ሀል ኪንግስተን ሮቨርስና ሀል ኤፍ ሲ፣ ለፍጻሜ ደረሱ። ሁለቱም የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው፤ እዚያው ሰፈራቸው ቢጫወቱ ምን ነበረበት? ለንደን ሄዱ፤ 95,000 ሰው ሞላ። ከከተማዋ መውጫ ላይ ሰዎች በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ሰቅለው ነበር፦ መጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራቱን ያጥፋ የሚል። በ1983 ደግሞ ፌዘርስቶን የምትባል አነስተኛ የማዕድን ከተማ ክለብ ሀልን 14 ለ12 አሸነፈ፤ 84,969 ሰው አየው። የፌዘርስቶን ነዋሪ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ነቅሎ ቢሄድ እንኳ የስታዲየሙን ሩብ አይሞላም። የቀረውን ማን ሞላው ካላችሁ፣ ክለባቸው ያልደረሰው የሌሎቹ ከተሞች ሰዎች ናቸው።

ኦድሳል፣ ረቡዕ ማታ

አሁን ከላይ ያልኩትን ሁሉ የሚያፈርስ የሚመስል ታሪክ ልንገራችሁ። በ1954 ሃሊፋክስና ዋሪንግተን ዌምብሌ ላይ 81,841 ሰው ፊት 4 ለ4 ተለያዩ። ያኔ በመለያ ምት መጨረስ የለም፤ ድጋሚ ጨዋታ ያስፈልጋል። ድጋሚው ግንቦት 5 ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ ብራድፎርድ ከተማ ኦድሳል ስታዲየም እንዲሆን ተወሰነ። ኦድሳል ጥሩ ሜዳ ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ድሮ ድንጋይ የሚፈለጥበት፣ በኋላም የከተማው ቆሻሻ የሚጣልበት ጉድጓድ ነበር፤ ዳር ዳሩን አስተካክለው ሰው ተዳፋቱ ላይ ቆሞ እንዲያይ ነው ያደረጉት። ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን በሉት።

ያን ዕለት የተመዘገበው ተመልካች 102,569 ነው። አዘጋጆቹ ያልጠበቁት ቁጥር ነበር። በዓለም የራግቢ ሊግ ታሪክ እስከ 1999 ድረስ የሚስተካከለው አልተገኘም፤ በ1999 ሲድኒ ላይ ተሰበረ። በብሪታንያ ግን እስከ ዛሬ አልተነካም። ምን አመጣው? ሃሊፋክስ ለኦድሳል ጎረቤት ነው። ሰዓቱ ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ ነው። መግቢያው የቆሞ ማያ ዋጋ ነው። ለንደን መሄድ ያልቻለው ሰው ሁሉ፣ የፈረቃ ሠራተኛው፣ ልጅ የታቀፈው፣ ለዌምብሌ ያልቆጠበው፣ በአንድ ምሽት መጣ። ዌምብሌ ላይ ያልታየው ሰው ቀድሞም ፍቅር አላነሰውም፤ ያነሰው አውቶቡስ ነበር።

ነገር ግን ኦድሳልን እንደ ተአምር ብቻ ከጻፍነው አሁንም ዜናችን ጎዶሎ ነው። ከዋሪንግተን የተነሱት ተራራውን በሚያቋርጠው ጠባብ መንገድ ላይ ታግተው ብዙዎቹ የደረሱት ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው። ከገቡትም ውስጥ ሜዳውን በቅጡ ያላዩ ብዙ ናቸው። ከቁጥሩ በላይ አጥር ጥሰው የገቡ እንደነበሩም ይነገራል። እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ፦ 102,569 የሚለው የተቆጠረ መግቢያ እንጂ የተቆጠረ ሰው አይደለም። ዛሬም ቢሆን የሚታወጀው ቁጥር የተሸጠ ትኬት ይሁን፣ በነፃ የታደለ ይጨምር፣ በር ላይ ያለፈ ሰው ይሁን ጠይቆ መጻፍ የሪፖርተሩ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ፍሬሽ ሳለሁ በዓይኔ ገምቼ ነበር የጻፍኩት፤ እሱንም «በርካታ ያልሆነ» ብዬ።

ዌምብሌ ሲዘጋ

በ2000 አሮጌው ዌምብሌ ሊፈርስ ተዘጋ፤ አዲሱ እስኪከፈት ዋንጫው ሰባት ዓመት ተንከራተተ። ይህን ጊዜ አጥብቄ ያየሁት የተፈጥሮ ሙከራ ስለሚመስል ነው፤ ስፖርቱ ያው፣ ክለቦቹ ያው፣ የተቀየረው ሜዳው ብቻ። ኤድንብራ መሪፊልድ በ2000፣ 67,247። ለንደን ትዊክንሃም በ2001፣ 68,250። እንደገና መሪፊልድ በ2002፣ 62,140። ቀጥሎ ሦስት ዓመት የዌልሷ ካርዲፍ፦ 71,212፤ 73,734፤ 74,213። በ2006 ወደ ትዊክንሃም ተመልሶ 65,187።

እዚህ ውስጥ ካርዲፍን ተመልከቱ። ለሰሜኑ ሰው ካርዲፍ ቅርብ አይደለችም። ስታዲየሙ ግን የቆመው መሐል ከተማ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከባቡር ወርዶ በእግር ይገባል፤ ሲወጣ ምግቡም መጠጡም እዚያው ነው። ዝናብ ከመጣ ጣሪያው ይዘጋል። ደግሞም በተከታታይ ሦስት ዓመት እዚያው ስለተደረገ ሰው መንገዱን ለመደው። በኔ ግምት ከሰባቱ ዓመታት ትልልቆቹ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ከተማ መከማቸታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለማ፤ በስንት ጊዜ መሳፈሪያ እንደምትቀይርም ነው።

አዲሱ ዌምብሌ በ2007 ሲከፈት ሴንት ሄለንስና የፈረንሳዩ ካታላንስ ድራገንስ ተጋጠሙ፤ 84,241 ሰው። ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ መንሸራተት ጀመረ። በ2015፣ 80,140 ነበር፤ በ2016፣ 76,235፤ በ2017፣ 68,525፤ በ2018 ካታላንስ ከእንግሊዝ ውጪ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ሲሆን ያየው 50,672 ነው። እንደኔ ዓይነቱ ሪፖርተር ቢያገኘው «ፍቅር ቀዝቅዟል» ብሎ ይገላገል ነበር። እስቲ እንደ ላውንጁ ልጅ እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ቀኑ። ከ2005 ጀምሮ ፍጻሜው ከጸደይ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ተዛውሯል። ነሐሴ ሰው ለዕረፍት የሚሄድበት፣ በዚያ የበዓል ሰሞን ደግሞ የባቡር ሐዲድ ጥገና የሚበዛበት ነው። ሁለተኛ፣ ፉክክር ከውስጥ መጣ። ከ1998 ጀምሮ የሊጉ ሻምፒዮን የሚለይበት ግራንድ ፋይናል የሚባል ጨዋታ በመስከረም ማብቂያ ወይም በጥቅምት ይደረጋል፤ መደበኛ ቦታውም ኦልድትራፎርድ፣ ማንቸስተር፣ ለሰሜኑ ሰው ደጁ ነው። በነሐሴ ለንደን ሄዶ ገንዘቡን የጨረሰ ደጋፊ ከሳምንታት በኋላ ሌላ ፍጻሜ ይጠብቀዋል። አንድ ሰው አንድ ኪስ ነው ያለው። ሦስተኛው፣ ካታላንስ ደጋፊዎቹን የሚያመጣው ከደቡብ ፈረንሳይ ነው፤ ይህ ግልጽ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

አዘጋጆቹም ቀኑን መነካካት ጀመሩ። በ2022 ወደ ግንቦት መለሱት፤ በዚያ ዓመት ሜዳውም የቶተንሃም ስታዲየም ነበር። 51,628 ሰው ገባ። በ2023 ወደ ዌምብሌና ወደ ነሐሴ ተመልሶ 58,213 ሆነ። የቱ ይሻላል? ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ ዌምብሌ። ቶተንሃም ግን 62,850 ገደማ የሚይዝ ስለሆነ ከአምስት ወንበር አራቱ ተይዞ ነበር፤ 90,000 በሚይዘው ዌምብሌ ግን ከሦስት ወንበር አንዱ ባዶ ነው። ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ላየው ሰው አንዱ «ሙሉ»፣ ሌላው «ባዶ» ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ሰው ያለው ደግሞ «ባዶ» የተባለው ነው! ለዚህ ነው አዘጋጆች ከዋናው ካሜራ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር መጀመሪያ የሚሞሉት፣ ላይኛውን ፎቅ የሚዘጉት። ጥፋት አይደለም። እኛ ግን ፎቶ ስናነሳ ካሜራችንን ወዴት እንዳዞርን ማወቅ አለብን።

በ2024 ፍጻሜው በሰኔ መጀመሪያ ዌምብሌ ላይ ሲደረግ አራት ፍጻሜ በአንድ ትኬት አደረጉት፦ የትምህርት ቤት ልጆች፣ የሴቶች፣ የወንዶችና የሁለተኛ ደረጃ ክለቦች «1895 ካፕ»። 64,845 ሰው መጣ። የሴቶቹ ፍጻሜ ዌምብሌ መግባት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በ2023 ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገባችኋል፤ ሁለት ክለብ ሁለት ከተማ ያመጣል፤ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዌምብሌ ላይ ሲጫወት ግን እናት፣ አባት፣ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት አውቶቡስ ተከራይቶ ይመጣል።

ትንንሾቹ ዙሮች

ስለ ፍጻሜ ብዙ አወራሁ፤ የዋንጫው ጣጣ ግን ያለው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ነው። እዚያ ሜዳ የሚመረጠው በዕጣ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ክለብ ባለሜዳ ይሆናል። የሚገርመው፣ በሊጉ በየሳምንቱ ሜዳውን የሚሞላ ክለብ በዋንጫ ግማሹን እንኳ የማያገኝበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ደጋፊው በዓመቱ መጀመሪያ የገዛው የዓመት ትኬት አብዛኛውን ጊዜ የዋንጫ ጨዋታን አያካትትም። እንደገና መክፈል አለበት፤ ተጋጣሚው ደካማ ከሆነ «ውጤቱ የታወቀ ነው» ብሎ ይቀራል። ክለቡም ዋጋ ቀንሶ ሕፃናትን በነፃ ካላስገባ በቀር ወንበሩ ባዶ ይቀራል። በዋንጫ ደግሞ የበር ገቢን ከተጋጣሚ ጋር መካፈል የቆየ ልማድ በመሆኑ ባለሜዳው ብቻውን ለመልፋት ብዙም አይጓጓም።

ግማሽ ፍጻሜ ለማንም ባልሆነ ሜዳ ነው የሚደረገው። እዚህ ላይ ጥበቡ መሐል መንገድ ማግኘት ነው፤ ግን የመሐል ነጥብ በካርታ ብቻ አይገኝም። በ2025 ሀል ኪንግስተን ሮቨርስና ካታላንስ ሲደርሱ የተመረጠው ዮርክ ነው። 8,500 ያህል ሰው የምትይዝ ሜዳ። ለካታላንስ የትም ቢሆን ሩቅ ነው፤ ለሀል ሰው ግን ዮርክ አንድ ሰዓት የምትሞላ መንገድ ናት። ትልቅ ሜዳ ተከራይቶ ከማጉረምረም ትንሹን ሞልቶ መጮህ ማለት ነው። ሀል 36 ለ12 አሸነፈ፤ በሰኔ ወር ዌምብሌ ላይ ዋሪንግተንን 8 ለ6 ረትቶ ለ40 ዓመት የጠበቀውን ትልቅ ዋንጫ አነሳ። ያን ቀን ዌምብሌ 63,278 ሰው ነበር።

ከቻሌንጅ ካፕ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በ2000 የዓለም ዋንጫው በብሪታንያ ሲደረግ መክፈቻውን፣ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ፣ ትዊክንሃም ላይ አደረጉት። ዝናብና ማዕበል ሆነ፤ ከጥቂት ቀናት በፊት በደረሰ የባቡር አደጋ ምክንያት የባቡር ጉዞው ተመሰቃቅሎ ነበር። 33,758 ሰው ብቻ መጣ፤ የስታዲየሙን ግማሽ እንኳ አልሞላም። በ2013 ውድድሩ ሲመለስ አዘጋጆቹ ትምህርት ወስደው ነበር። ፊጂና አየርላንድን የት አጫወቷቸው? ሮችዴል! ሮችዴል ከማንቸስተር በስተሰሜን ያለች የድሮ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። ለምን እዚያ ቢባል፣ የሮችዴል ክለብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፊጂ ተጫዋቾች አስመጥቶ ነበር፤ እነሱም እዚያው ወልደው ከብደው የከተማዋ ሰው ሆኑ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የአገራቸው ቡድን ሲመጣ ከተማዋ እንደራሷ ልጅ ተቀበለችው። 8,872 ሰው። ለንደን ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ውርደት ነበር፤ ሮችዴል ላይ ግን ሠርግ ሆነ። የዚያው ውድድር ፍጻሜ ኦልድትራፎርድ ላይ 74,468 ሰው አየው።

ይህን ሳነብ የኛው ብሔራዊ ቡድን ትዝ ብሎኛል። ስታዲየሞቻችን መስፈርት አላሟሉም ተብሎ «የሜዳችን» ጨዋታ በሰው አገር ሲደረግ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። እኛ ያን ቀን ዶርም ኮሪደር ውስጥ ስልክ ላይ ተደፍተን በነበር ሰዎች አፍ ነው የምንሰማው። ያ ጨዋታ እዚህ ቢሆን ስንት ሰው ይመጣ እንደነበር የሚቆጥርልን የለም።

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ለዚህ ጽሑፍ ስል ባለፈው ቅዳሜ ያንን መንገድ ሄድኩበት። ከግቢ በር ከቀኑ 8 ሰዓት ተነስቼ፣ አንድ ታክሲ፣ ወርጄ ሌላ ሰልፍ፣ ሁለተኛ ታክሲ፣ ከዚያ በእግር፤ ሜዳው በር ላይ ስደርስ 9 ሰዓት ከሩብ ነው። ፍጻሜው የተጀመረው 9 ሰዓት ነበር። ተመልሼ ካፌ ስደርስ ተዘግቷል፤ ዳቦ በሻይ በልቼ አደርኩ። በማግሥቱ አምና በዚያ ዋንጫ ከተሳተፉት ዲፓርትመንቶች 30 ተማሪ አነጋገርኩ። ሃያ አንዱ የፍጻሜውን ቀን ያውቁ ነበር። ለምን ቀራችሁ ስላቸው አሥራ ሁለቱ ታክሲ፣ ስድስቱ እራት አሉ፤ ሁለቱ ፈተና ነበረብን አሉ፤ አንዷ ደግሞ «እኔማ ሄጄ ነበር፣ አንተ አላየኸኝም እንዴ?» አለችኝ። እግር ኳስ አልወድም ያለ ከሃያ አንዱ አንድም የለም።

ስለዚህ አምና «የተማሪው የስፖርት ፍቅር እየቀዘቀዘ መምጣቱ ታይቷል» ብዬ የጻፍኩት ስህተት መሆኑን አንባቢያን እንዲያውቁልኝ እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ፍጻሜ የት እንደሚደረግ ገና አልተወሰነም። የጉዞ ሰዓቱን፣ የሠላሳውን ተማሪ መልስና «ሰርቪስ አውቶቡስ ይቻላል ወይ? ሰዓቱ ወደ 7 ተኩል ይመጣል ወይ? ካፌ ለአንድ ቀን እስከ 2 ሰዓት ይቆያል ወይ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት አድርጌ ለአዘጋጆቹ አስገብቻለሁ። ለሚቀጥለው እትም የስፖርት ገጹ አዘጋጅ ግማሽ ገጽ ይዞልኛል። ቆጠራውን በር ላይ ቆሜ ነው የማደርገው፤ አብሮኝ የሚቆጥር ሰው ካለ ዶርሜን ታውቁታላችሁ።